ኬንያና ታንዛኒያን በአንድ ጉዞ፦ ድንበሩን የሚሻገረውና የማይሻገረው

የኬንያዋ ናይሮቢና የታንዛኒያዋ አሩሻ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ጠዋት አውቶብስ የተሳፈረ ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሁለቱም ጋ ስዋሂሊ ይነገራል። ሁለቱም ጋ ገንዘቡ ሺሊንግ ይባላል። ማሳዮችም በሁለቱም ሜዳ ከብታቸውን ይነዳሉ። ስለዚህ አንዱን አገር ያየ ሰው ሌላውንም ያወቀ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ብዙ መንገደኛ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ኬንያ ላይ የሠራለት ነገር ታንዛኒያም ላይ የሚሠራ መስሎት ሳይዘጋጅ ይሻገራል። ወይም ተመሳሳይ የሆነውን ነገር ሁለቴ ይገዛል።

የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ ኬንያ፣ በቀኝ ታንዛኒያ ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ይሄ ድንበሩን ይሻገራል ወይስ አይሻገርም?» መጀመሪያ ከድንበር ሊያስመልሳችሁ የሚችለውን ሙሉ። ቀጥሎ ገንዘብ የሚያስወጣውን። በመጨረሻ ጊዜ የሚያባክነውን። እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እወስዳችኋለሁ። ከታች ያሉት ወራትና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ፎርሙም ትኬቱም የሚጠይቃችሁ በዚያው ነውና።

ደረጃ 1፦ ወረቀቶቻችሁን አስተካክሉ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ኬንያ በጃንዋሪ 2024 ቪዛን አስቀርታ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ጀምራ ነበር። በ2025 ደግሞ ከጥቂቶቹ በስተቀር የአፍሪካ አገሮችን ከዚህም ነፃ አድርጋለች።

ታንዛኒያ ሌላ ነው። ቪዛ ያስፈልጋል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ የተለመደው የጎብኚ ቪዛ 50 ዶላር ነው። ድንበር ላይ ደርሼ እጠይቃለሁ ብላችሁ አትነሱ። ቢያንስ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በፊት አመልክቱ። አንድ ነገር አደራ፦ የታንዛኒያ መንግሥት የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ መሆኑን ሳታረጋግጡ ካርዳችሁን አታስገቡ። ቁርጥ እሱን የሚመስሉ፣ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ ገጾች አሉ።

የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ የሚባል 100 ዶላር የሚከፈልበት ቪዛም አለ። ስሙን ሰምቶ ታንዛኒያንም ይጨምራል የሚል ብዙ ሰው ገጥሞኛል። አይጨምርም። እሱ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለሩዋንዳ ብቻ ነው።

መንገዳችሁን ስትነድፉ ታንዛኒያ አንዴ ገብታችሁ አንዴ እንድትወጡ አድርጉ። ናይሮቢ፣ አሩሻ፣ ዳሬሰላም፣ ዛንዚባር፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው። ወዲያና ወዲህ መመላለስ ከመጣ ግን ነገሩ በቪዛ ዓይነት ይወሰናል።

ቀጥሎ ቢጫ ካርድ። ይሄኛው ድንበሩን ይሻገራል፤ አንዴ ከተከተባችሁ ለሁለቱም ይበቃል። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ከ2016 ጀምሮ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ታዲያ ሕጋዊ የሚሆነው ከተወጋችሁበት ቀን ከ10 ቀን በኋላ ነው። በጉዞው ዋዜማ ሮጦ መከተብ አይጠቅምም። ኬንያ ራሷ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ ከናይሮቢ ወደ አሩሻ ስትሻገሩ ካርዱን አሳዩ ልትባሉ ትችላላችሁ። ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ላይ ያዙት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።

ዛንዚባር ለምትሄዱ ደግሞ ተጨማሪ አለ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ደሴቱ የሚገባ የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የመንግሥት ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ከሌላ ቦታ የገዛችሁት የጉዞ ኢንሹራንስ ይሄንን አይተካም። ከዳሬሰላም በጀልባ ስትሄዱም ፓስፖርት ይታያል፤ «አገር ውስጥ ነው» ብላችሁ ሆቴል ጥላችሁት እንዳትሄዱ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በታንዛኒያ በኩል ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ብዙ ወንድሞቻችን አሉ፤ ብዙዎቹም መንገድ ላይ ተይዘው ይታሰራሉ። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ድንበር ላይም መንገድ ላይም ጠበቅ ያለ ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። የመመለሻ ትኬት፣ የተያዘ ሆቴልና የጉዞ ዕቅድ አትማችሁ ያዙ። ፓስፖርታችሁ ላይ የመግቢያ ማህተም መመታቱን መስኮቱ ጋ ቆማችሁ እዩ። ሲጠይቋችሁ ሳትቆጡ፣ ሳትጣደፉ መልሱ።

ደረጃ 2፦ ሻንጣውን ከመዝጋታችሁ በፊት

ሁለት ነገር አውጡ። አንደኛው ጫት ነው። ኬንያ ውስጥ ሚራ ይባላል፤ በሕጋዊ መንገድ ይመረታል፣ በግላጭ ይሸጣል። ታንዛኒያ ውስጥ ሚሩንጊ ይባላል፤ እዚያ ግን በአደገኛ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው። ናይሮቢ ላይ በነፃነት የተገዛ የጫት እስር የድንበሩ ከተማ ናማንጋ ላይ ወንጀል ይሆናል። ለራሴ ነው፣ ትንሽ ናት ማለት አያድንም። የሌላ ሰው «ትንሽ ዕቃ» አድርሱልኝ የሚላችሁንም እንቢ በሉ።

ሁለተኛው ፌስታል ነው። ኬንያ ከኦገስት 2017፣ ታንዛኒያ ከጁን 2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ፌስታል ከልክለዋል። ጫማ የጠቀለላችሁበትን፣ ልብስ የለያችሁበትን ሁሉ አውጡና በጨርቅ ከረጢት ተኩት። ሳሙናና ቅባት የሚያዝበትን ዚፕ ያለውን ትንሽ ከረጢት ታንዛኒያ ትፈቅዳለች፤ ይዛችሁት እስከወጣችሁ ድረስ። ኬንያ ደግሞ ከጁን 2020 ጀምሮ ፓርኮቿ ውስጥ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፕላስቲክ፣ የውሃ ጠርሙስ ጭምር፣ አግዳለች። ስለዚህ የሚሞላ ጠንካራ የውሃ መያዣ ግዙ።

የሶኬት መቀየሪያ አንድ ብቻ ይበቃል። ሁለቱም አገር ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለውን የእንግሊዝ ሶኬት ይጠቀማሉ። ታንዛኒያ አንዳንድ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ባለ ሦስት ክብ ጥርስም ይገኛል። የእኛው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ግን እንዳለ አይገባም። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተቀራራቢ ስለሆነ ስልክና ላፕቶፕ ችግር የለባቸውም።

ደረጃ 3፦ ገንዘብ

ስሙ አንድ ነው፣ ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። የኬንያ ሺሊንግ ታንዛኒያ ሱቅ ውስጥ አይሠራም፤ የታንዛኒያውም ኬንያ ውስጥ። አንድ ዶላር ኬንያ ላይ ወደ 130 ሺሊንግ ይጠጋል። ታንዛኒያ ላይ 2,500 አካባቢ ይመላለሳል። አንድ የኬንያ ሺሊንግ 20 የታንዛኒያ ሺሊንግ ገደማ ነው ማለት ነው።

ጭንቅላት ውስጥ ለማስላት እንዲህ አድርጉ። የታንዛኒያውን ዋጋ አንድ ዜሮ ቀንሱ፣ ከዚያ ግማሹን ውሰዱ። ምግብ 10,000 ቢሏችሁ አንድ ዜሮ ሲቀነስ 1,000፣ ግማሹ 500 የኬንያ ሺሊንግ። ናይሮቢ ሰንብታችሁ ከሆነ 500 ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ቀን ላይ የዜሮው ብዛት ያደናግራል፤ አንድ ዜሮ ጨምሮ መክፈል በጣም ቀላል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ለሻጩ አሳዩት።

የታንዛኒያ ትልቁ ኖት 10,000 ነው፤ አራት ዶላር ገደማ። 200 ዶላር ስትመነዝሩ 50 ኖት ይሰጧችኋል። ኪሳችሁ አይበቃም፤ ትንሽ የወገብ ቦርሳ ያዙ። የኬንያ ትልቁ 1,000 ነው። ኬንያ አሮጌውን 1,000 በ2019 ከገበያ አውጥታዋለች፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የሚሰጣችሁን ኖት አዲሱ መሆኑን አረጋግጡ።

ዶላር ስትይዙ ንጹሕ፣ ያልተቀደደ፣ ያልተጻፈበት፣ የታተመበትም ዓመት የቅርብ የሆነ ይሁን። አሮጌውን ብዙዎቹ አይቀበሉም። ኬንያ ውስጥ ሆቴሎች በዶላር ዋጋ መንገራቸው የተለመደ ነው። ታንዛኒያ ግን በ2025 ባወጣችው ደንብ አገር ውስጥ የሚሸጥ ዕቃና አገልግሎት በውጭ ገንዘብ እንዳይተመንና እንዳይከፈል ከልክላለች። ስለዚህ ድንበሩን እንዳለፋችሁ በባንክ ወይም በምንዛሪ ቤት የሚበቃችሁን ያህል ወደ ሺሊንግ ቀይሩ። ናማንጋ ላይ እየተከተሉ «ልመንዝርላችሁ» የሚሉትን አልፋችሁ ሂዱ። ቆጠራው ፊት ለፊታችሁ ልክ ይሆንና እጃችሁ ሲገባ ይጎድላል።

ደረጃ 4፦ ስልክና ኤምፔሳ

ሲም ካርድ አይሻገርም፤ በየአገሩ አንድ ግዙ። በሁለቱም ፓስፖርት ይጠየቃል። ታንዛኒያ ላይ የጣት አሻራም ይወሰዳል። ከመንገድ ሻጭ ሳይሆን ከድርጅቱ ሱቅ ግዙ። በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ሲም ቢዘጋ መክፈቻ የለውም።

ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ማለት ገንዘብ ማለት ነው። በ2007 እዚያ ነው የተጀመረው፤ ዛሬ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ጋ እንኳ ቁጥሩ ተለጥፏል። ሱቅ ላይ «ቲል» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩን ታስገባላችሁ፣ የድርጅቱ ስም ይመጣል፣ ስሙን ካነበባችሁ በኋላ ሚስጥር ቁጥር። ሲም ስትገዙ እዚያው ኤምፔሳውንም አስከፍቱ። አገር ቤት ያላችሁ የኤምፔሳ አካውንት ሌላ ነው፤ በእሱ አትመኩ።

ታንዛኒያ ውስጥም ኤምፔሳ አለ፤ ግን የሌላ የስልክ ድርጅት፣ የቮዳኮም ነው። ብቻውንም አይደለም። ቲጎ ፔሳ ይባል የነበረው ሚክስ ባይ ያስ፣ ኤርቴል መኒ፣ ሃሎፔሳ ሁሉም ሠፈር አላቸው። ሱቅ ላይ የምትፈልጉት ጽሑፍ «ሊፓ» የሚለው ነው፤ ክፈል ማለት ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ የምትቆዩ ከሆነ ግን ታንዛኒያ ላይ በጥሬ ገንዘብ መኖር ይቀላል ባይ ነኝ። ኬንያ ላይ ሁለት ቀን እንኳ ብትቆዩ ኤምፔሳ ይክፈቱ እላለሁ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ቋንቋው ይወስነዋል

ይህን ክፍል ለአማርኛ ተናጋሪ መጻፍ ደስ ይለኛል። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆን «ሳአ ሞጃ» ይላሉ፤ አንድ ሰዓት። «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሌላው ዓለም 9 የሚለው። የሰዓት ክልላችንም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችሁን መንካት አያስፈልጋችሁም።

ይሄን ሳላውቅ ሞሺ ከተማ ላይ ወደ ዳሬሰላም የአውቶብስ ትኬት ቆረጥኩ። ሻጩ ሐምራዊዋ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ 12፡00 ብሎ ጻፈልኝ። ውጭ አገር ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ የፈረንጅ 12 ማለት ቀትር ነው። ተረጋግቼ ቁርሴን በላሁ፣ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፣ ቀትር ሊሆን ሲል መናኸሪያው ደረስኩ። አውቶብሱ ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ሻጩ ትኬቴን አየና በጣቱ ሰማዩን እያሳየኝ «ሳአ ኩሚ ና ምቢሊ፣ አሱቡሂ» አለኝ። ንጋት 12 ሰዓት። አገሬ ብሆን ትኬቱን በትክክል አነበው ነበር። ሌላ ትኬት ገዛሁ፣ አንድ ሌሊትም አደርኩ።

ከዚያ በኋላ የምከተለው ደንብ ይሄ ነው። ሰውዬው በእንግሊዝኛ ከነገራችሁ የፈረንጅ ሰዓት ነው። በስዋሂሊ ከነገራችሁ የእኛው ሰዓት ነው። ናይሮቢ ላይ እንግሊዝኛው ስለሚበዛ ብዙውን ጊዜ የፈረንጁን ትሰማላችሁ። ታንዛኒያ ላይ ስዋሂሊው ይበዛል፤ በእጅ የተጻፈ ትኬት በሁለቱም ሊሆን ይችላል። የአውሮፕላንና የባቡር ትኬት ሁልጊዜ በፈረንጅ ነው። ከተጠራጠራችሁ አሱቡሂ (ጠዋት)፣ ምቻና (ቀን)፣ ጂዮኒ (አመሻሽ)፣ ኡሲኩ (ሌሊት) የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ቀኖቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የስዋሂሊ ሳምንት ከቅዳሜ ይቆጠራል። እኛ ረቡዕ ስንል አራተኛ ማለታችን ነው። እነሱ ጋ አራት የሚለው ቁጥር ያለበት ቀን ጁማኔ ነው፤ ትርጉሙ ማክሰኞ። ጁማታቱ ውስጥ ሦስት አለ፤ ቀኑ ግን ሰኞ ነው። ሐሙስ ላይ ስትደርሱ እንደገና እንገናኛለን፤ «አልሃሚሲ» ነው የሚባለው።

ደረጃ 6፦ መንገዱ

ሁለቱም አገር መኪና በግራ ነው የሚነዳው። ለእኛ ይሄ ቀልድ አይደለም። መንገድ ስትሻገሩ ዓይናችሁ በልማድ ወደ ግራ ይሄዳል፤ መኪናው ግን በቀኝ በኩል ይመጣል። መጀመሪያ ቀኝ እዩ። ሞተር ብስክሌቶች ደግሞ ከየትም ይመጣሉ።

ናማንጋ ላይ የሁለቱ አገር ኢሚግሬሽን በአንድ ሕንፃ ነው። ወደ ታንዛኒያ ስትሄዱ በታንዛኒያ በኩል ወዳለው ሕንፃ ትገባላችሁ፤ የኬንያ መውጫና የታንዛኒያ መግቢያ እዚያው ተከታትለው ይመታሉ። ሁለት ማህተም ሳታዩ አትውጡ። አውቶብሱ ይጠብቃል፣ ሆኖም የሹፌሩን መልክና የአውቶብሱን ታርጋ አስታውሱ። ፎቶ አንሱት ብል ይሻላል፤ ታርጋውን ብቻ፣ የድንበሩን ሕንፃ ሳይሆን።

ከተማ ውስጥ ኬንያ ላይ ማታቱ፣ ታንዛኒያ ላይ ዳላዳላ ትላላችሁ። ሁለቱም ሚኒባስ ታክሲ ናቸው፤ ረዳት አላቸው፣ መልስ ቶሎ መቀበል ጥሩ ነው። ኬንያ ቱክቱክ የምትለውን ታንዛኒያ ባጃጂ ትላለች። ዳሬሰላም ላይ ምዌንዶካሲ የሚባለው በራሱ መስመር የሚሄድ አውቶብስ አለ፤ በመንገድ መዘጋጋት ሰዓት ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ባቡር ለሚወድ ሁለቱም ዘመናዊ መስመር አላቸው። ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለው በ2017 ጀመረ፤ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ተራው ትኬት 1,500 የኬንያ ሺሊንግ ነው። ከዳሬሰላም ዶዶማ ያለው በ2024 ጀመረ፤ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ተራው ትኬት 31,000 የታንዛኒያ ሺሊንግ ሆኖ ነው የተጀመረው። ዜሮ ቀንሳችሁ ግማሹን ስትወስዱ ዋጋው እኩል ሊባል ይችላል። ናይሮቢ ጣቢያ ሻንጣ በሰልፍ መሬት ላይ ተደርድሮ በውሻ ስለሚፈተሽ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ። ሁለቱን አገር የሚያገናኝ የመንገደኛ ባቡር ግን የለም።

ታንዛኒያ ላይ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ። ታላቅ ሰው ከሆነ «ሺካሞ» በሉ፤ «ማራሃባ» ይላችኋል። ሰላምታ ሳይቀድም ዋጋ መጠየቅ እንደ እኛው አገር ብልግና ነው። ናይሮቢ ላይ «ሃባሪ» ብሎ ወደ ጉዳይ መግባት ይበቃል። ለጿሚ ደግሞ ሁለቱም አገር ጥሩ ነው፦ ማሃራጌ ባቄላ መሰል ቦሎቄ ነው፣ ሱኩማ ዊኪ ጎመን ነው። «ቢላ ኛማ» ማለት ያለ ሥጋ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ወቅት፣ ልብስና ጤና

ዝናቡ ሁለቱን አገር አንድ ላይ ነው የሚያገኛቸው። ትልቁ ከማርች እስከ ሜይ፣ ትንሹ ኖቬምበርና ዲሴምበር አካባቢ። ልብሱን የሚወስነው ድንበሩ ሳይሆን ከፍታው ነው። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ፣ አሩሻ 1,400 ገደማ ናቸው፤ ወይና ደጋ በሏቸው። ጁላይ ላይ ማታ ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ሞምባሳ፣ ዳሬሰላምና ዛንዚባር ባሕር ዳር ናቸው፤ እዚያ ቀጭን ጥጥ ብቻ። ዛንዚባር አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ከባሕሩ ዳር ወጥታችሁ ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ።

ወባ በቆላውና በባሕር ዳርቻው በሁለቱም አለ። ሐኪም አማክራችሁ መከላከያውን ከመነሳታችሁ በፊት ጀምሩ፣ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 በሁለቱም ይሠራል፤ ኬንያ 999ም አላት።

ደረጃ 8፦ የዱር እንስሳት ፓርክ ዋጋ ስታወዳድሩ

እዚህ ላይ የመግቢያውን ቁጥር ብቻ ማየት ያሳስታል። የኬንያው ማሳይ ማራ ለውጭ አገር አዋቂ ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ያስከፍላል። ትኬቱም ከንጋት 12 እስከ ምሽት 12 ነው። የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ 70 ዶላርና 18 በመቶ ታክስ ነው፤ ትኬቱ 24 ሰዓት ያገለግላል። ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት የገባ ሰው ነገ እስከ 8 ሰዓት ድረስ በአንዱ ትኬት ማለዳውንም አመሻሹንም ያያል። እዚያው ታንዛኒያ ባለው ንጎሮንጎሮ በሚባለው ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ለመውረድ ደግሞ ለመኪናው 250 ዶላርና ታክስ ለብቻው ይጨመራል፤ ብዙ ሆናችሁ ብትካፈሉት ይቀላል። አስጎብኚ ዋጋ ሲነግራችሁ «የፓርክ መግቢያና ታክስ ገብቶበታል?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ካርታ ላይ ማራና ሴሬንጌቲ ተያይዘዋል። የዱር በሬዎቹም ወንዙን እየዘለሉ ይመላለሳሉ። ለቱሪስት ግን በመካከላቸው ያለው በር ከ1977 ጀምሮ ዝግ ነው። ሁለቱንም ለማየት ዞራችሁ በናማንጋ ወይም በምዕራብ በኩል በኢሴባኒያና በሲራሪ መግባት አለባችሁ፤ ለዚያ አንድ ሙሉ ቀን መድቡ። ኪሊማንጃሮን የሚወጡት በታንዛኒያ በኩል ነው፤ ከሩቅ ፎቶ ለማንሳት ግን የኬንያው አምቦሴሊ ጠዋት በማለዳ በጣም ያምራል።

ከታንዛኒያ በአውሮፕላን የምትወጡ ከሆነ የተረፋችሁን ሺሊንግ በመጨረሻው ቀን ከተማ ውስጥ ወደ ዶላር መልሱት። ለዚህም መጀመሪያ ስትመነዝሩ የተሰጣችሁን ደረሰኝ ፓስፖርቱ ውስጥ አጣጥፋችሁ አስቀምጡ።